ዝግባ

ዝግባ በደጋና በወይና ደጋ ደኖች የሚያድግ ሀገር በቀል ዛፍ ነው። እንደ ጥድ ሁሉ አበባ ስለማያወጣ በእንጨት ሙያ «ለስላሳ እንጨት» ከሚባለው ወገን ይመደባል፤ ስያሜው የዛፉን ዘር እንጂ የእንጨቱን ጥንካሬ አያመለክትም።

ጣውላው ፈዛዛ ቢጫ ነው። የዕድገት ቀለበቱ ጎልቶ አይታይም፣ ሙጫም አያወጣም። መላጊያ ሲያልፍበት ልሙጥ ሆኖ ይወጣል፤ ቀለምና ቫርኒሽም እኩል ይቀበላል። ለኮርኒስ፣ ለመደርደሪያና ለውስጥ በር የተመረጠው በዚህ ነው። ጫፉ አጠገብ ምስማር ሲመታበት ግን ስለሚሰነጠቅ አስቀድሞ በቀጭን መሰርሰሪያ መብሳት ይበጃል።

ትልቁ ድክመቱ ምስጥን አለመቋቋሙ ነው። በጋምቤላ ከተማ፣ ለምሳሌ በኒውላንድ ሰፈር፣ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ያለች ሞቃታማ ቆላ ናት። ያልታከመ የዝግባ መቃን አፈር ከነካ፣ ከእግሩ ሥር ቀጭን የጭቃ መስመር ሽቅብ ይወጣል፤ ፊቱ ደህና መስሎ ውስጡ ይቦረቦራል። ደግነቱ እንጨቱ የምስጥ መከላከያ መድኃኒት በደንብ ይመጥጣል። ከደጋ የመጣ ጣውላም ከመገጠሙ በፊት እዚያው ጋምቤላ ጥላ ሥር፣ አየር እያገኘ ተደርድሮ መሰንበት አለበት፤ አለዚያ በሩ በክረምት አብጦ አልዘጋ ይላል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዝግባን፣ ጥድን፣ ዋንዛንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ተገቢ ክልከላ ነበር፤ ዝግባ ለመጋዝ እስኪደርስ ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። በምትኩ የሚተከለው የፈረንጅ ጥድ ቶሎ ይደርሳል፤ ጉጥ ግን ይበዛበታል።