የጣና ጀልባና የወቅት ሠራተኛው

የአገር ጉብኝት ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር የሚወሳው የመጣው እንግዳና የታየው ቅርስ ነው። እንግዳውን ከቅርሱ ያደረሰው ቀዛፊ ግን ስሙም ሙያውም ሳይመዘገብ ይቀራል። በጣና ሐይቅ ላይ የተካሄደውን የጀልባ ጉብኝት ስንመረምር ይህ ጉድለት ጎልቶ ይታያል።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ፣ ጥልቀቱ ግን መጠነኛ የሆነ ሐይቅ ነው። በደሴቶቹ ላይ የተተከሉት ገዳማት ለዘመናት ከየብስ ጋር ሲገናኙ የኖሩት በደንገል ታንኳ ነበር። በታንኳ ሥራ በተለይ የወይጦ ማኅበረሰብ የታወቀ ነው። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከጉዞ መልስ ወደ ዳር ወጥቶ ይደርቃል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ወደ ደሴቶቹ የተሻገረው በዚሁ ታንኳ ነው። በ1936 የታተመው ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የሚናገረው መጽሐፉም ያለ አገሬው ቀዛፊዎች ዕውቀት ሊጻፍ ባልቻለም ነበር።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ጎርጎራ ላይ ወደብ ተሠርቶ የሞተር ጀልባ ጉዞ ተስፋፋ። በ1961 የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት ሲቋቋም ደግሞ ባሕር ዳር ከጎንደር፣ ከላሊበላና ከአክሱም ጋር በታሪካዊው የጉብኝት መስመር ውስጥ ገባች። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ያስተዋወቁት «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው መፈክርም አገሪቱን በውጭ አሳወቀ።

ይሁን እንጂ የጀልባው ሠራተኛ ፀጋ ዐሥራ ሦስት ወር አልሞላም። እንግዳ የሚበረክተው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ገና እና ጥምቀት ሲደርሱ ጀልባና ሰው ይጠፋል። ሰኔ ሲገባ ግን ወደቡ ጭር ይላል። የሚያስገርመውም የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሞልቶ የሚወርደው እንግዳው በሌለበት በዚያው በክረምት መሆኑ ነው። የወቅቱ ሠራተኛም ከፊሉ ወደ እርሻ፣ ከፊሉ ወደ ዓሣ ማስገር፣ ከፊሉም ወደ ቀን ሥራ ይበተናል።

ሥራው ጀልባ መንዳት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁን ስለሚያናውጠው፣ ጉዞው በማለዳ እንዲጀመር የሚመክረው ሠራተኛው ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶችን የማያስገቡ ገዳማት መሆናቸውን አስቀድሞ አስረድቶ፣ እንግዳውም ቅር ሳይለው የገዳሙም ሥርዓት ሳይጣስ ጉብኝቱን የሚያስፈጽም እርሱ ነው። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄደውን ሽማግሌ ደግፎ ከጀልባ የሚያወርድም እርሱ ነው። ይህ ሙያ በዓመታት ልምድ እንጂ በአንድ ወቅት ሥልጠና አይገኝም።

በ2011 በሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ መቅዘፊያውንም መረቡንም ተፈታተነ። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የሕይወት ክልል ሆኖ ቢመዘገብም፣ በ2020 የመጣው ወረርሽኝና በ2023 በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት የእንግዳውን ወራት ሳይቀር ባዶ አደረጉት። ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ክፉ ቀን በችግር ያልፈዋል፤ የወቅት ሠራተኛው ግን ሙያውን ትቶ ይሄዳል። አንድ ጊዜ የሄደ ልምድ ያለው ቀዛፊም እንግዳው ሲመለስ አብሮ አይመለስም።

ስለዚህ በዘርፉ የተሰማራን ሁሉ ሁለት ነገር ይጠበቅብናል። አንደኛው፣ የጀልባ ጥገናው፣ የወደብ ጽዳቱና የእምቦጭ ነቀላው በክረምት እንዲከናወን በማድረግ ሠራተኛው ከሐይቁ ሳይለይ የሚከርምበትን መንገድ መሻት ነው። ሁለተኛው፣ የአረጋውያኑ ቀዛፊዎች ዕውቀት ከእነርሱ ጋር ሳያልፍ በጽሑፍ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ገዳማቱን ያቆዩልን መነኮሳቱ ናቸው፤ ወደ ገዳማቱ የሚወስደውን መንገድ ያቆዩልን ግን ቀዛፊዎቹ ናቸው።