የሸማኔው ዕውቀትና የጉልበት ትምህርት

ጉልበት ዕቃን ይወጥራል፣ ያንቀሳቅሳል፣ ያሽከረክራል፤ ሌላ ጉልበት ሲገጥመውም ሚዛን ይፈጥራል። ይህ ትምህርት በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1678 የመለጠጥን ሕግ ካሳተመው ከሮበርት ሁክና በ1687 የእንቅስቃሴን ሕግጋት ካወጣው ከአይዛክ ኒውተን ስም ጋር ተያይዞ ነው። ሕግጋቱ በተግባር የሚታዩበት ሥራ ግን ከብዙ ትምህርት ቤቶች አጥር አጠገብ ይገኛል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረችና የጋሞ ደጋማ አገር በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከዋለ በኋላ፣ ዶርዜዎችና ሌሎች የጋሞ ሸማኔዎች ወደ ከተማይቱ በየጊዜው ፈልሰዋል። ከሰፈሩባቸው አካባቢዎች መካከል ሽሮ ሜዳና ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚባለው ይገኙባቸዋል።

የሸማ ሥራ አራቱንም የጉልበት ተግባራት ያሳያል። ጥጥ የሚነደፍበት ደጋን የተወጠረ ጅማቱ ተስቦ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። እንዝርት በእጅ ተሽከርክሮ ሲለቀቅ በዘንጉ ላይ ያለው ክብ አካል መዞሩን ያራዝምለታል። ድሩ በገመድና በካስማ ይወጠራል፤ ሸማኔው ወደ ራሱ በሳበው መጠን ካስማውም ወደ ኋላ ስለሚስብ ድሩ ጸንቶ ይቆማል። በጉድጓዱ ውስጥ ያሉት እግሮቹ ተራ በተራ ሲረግጡ፣ ከላይ የተያያዙት የድር መለያያዎች አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። መወርወሪያው ከአንዱ እጅ ሲለቀቅ በተሰጠው ፍጥነት ተጉዞ በሌላው እጅ ይቆማል። የጨርቁ ስፋት ከክንድ መድረሻ የማያልፈው፣ ጋቢም ተጋጥሞ የሚሰፋው በዚህ ምክንያት ነው። በእንግሊዝ አገር ጆን ኬይ እ.ኤ.አ. በ1733 መወርወሪያውን በገመድ የሚያስወነጭፍ መሣሪያ በማውጣቱ አንድ ሰው ብቻውን ሰፊ ጨርቅ ለመሥራት ቻለ።

በኢትዮጵያ ግን የእጅ ሙያተኛ የተናቀ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሸማኔን ጨምሮ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ። በተከታዩ ዓመት በስማቸው የተጠራው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ትምህርቱ ግን በአብዛኛው በቋንቋዎች ላይ ያተኮረ ነበር። አዋጁ ሸማኔውን ከስድብ ለመጠበቅ የታሰበ ቢሆንም ዕውቀቱን ወደ ክፍል አላስገባውም። ሁለቱ በአንድ ዘመን ተጀምረው ሳይገናኙ ቀሩ።

የዚህ መለያየት ጉዳት የሚታየው በተማሪው ላይ ነው። የሸማኔ ልጅ ድር ከልክ በላይ ሲወጠር እንደሚበጠስ፣ ሲላላም መወርወሪያ እንደማያሳልፍ ከመጽሐፉ በፊት ያውቃል። ሆኖም ዕውቀቱ በክፍል ውስጥ ስም ካልተሰጠው የቤቱን ሙያ ከሳይንስ ውጭ አድርጎ ይቆጥረዋል። መምህሩ በክር ላይ የታወቀ ክብደት እያንጠለጠለ የርዝመቱን ለውጥ ቢያስለካ፣ እንዝርቱንም ክብ አካሉ ሲኖርና ሲወጣ የሚዞርበትን ጊዜ ቢያስመዘግብ ትምህርቱ በጥቂት ወጪ ይሰጣል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ይህን ዓይነቱን ሥራ በመምህሩ መምሪያ ቢያካትቱ፣ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ የታሰበው ክብር ወደ ክፍል ይደርሳል።