የክሪስታል ማዕድን ናሙና በኢትዮጵያ

የክሪስታል ናሙና የሚባለው ውስጣዊ የአቶም አደረጃጀቱ ጠፍጣፋ ፊቶችና ሹል ጠርዞች ሆኖ በውጪ የታየ፣ ሳይቆረጥና ሳይሞረድ በተፈጥሮ መልኩ የተያዘ የማዕድን ቁራጭ ነው። ለጌጥ ከተሠራ ዕንቁ የሚለየው ዋጋው በክብደትና በጥራት ብቻ ስለማይለካ ነው፤ ፊቶቹ አለመሸረፋቸው፣ ካደገበት እናት ድንጋይ አለመነጠሉና የወጣበት ስፍራ ስም በትክክል መታወቁ ይበልጥ ይመዝናሉ። የጀርመኑ ፍራይበርግና የናሚቢያው ጹሜብ የማዕድን ማውጫዎች ሥራቸው ካበቃ በኋላም በየሙዚየሙ ስማቸው የሚነሳው በዚሁ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነቱ ስብስብ ከሁሉም የበለጸገው ምድር በደቡብ ኦሮሚያ፣ በጉጂ ዞን የሚገኘው የሻኪሶና የቀንጢቻ አካባቢ ነው። የቀንጢቻ የታንታለም ማዕድን የሚገኘው ፔግማታይት በሚባል ዓለት ውስጥ ሲሆን፣ ይህ ዓለት የቀለጠ ድንጋይ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ውሃ የበዛበት ፈሳሽ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሲረጋ የሚፈጠር ነው። ፈሳሹ ቀጭን ስለሆነ አቶሞች እንደልብ ይንቀሳቀሱበታል፤ ስለዚህም ክሪስታሎቹ እጅግ ይገዝፋሉ። በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ በኤታ የማዕድን ማውጫ የተገኘው ስፖዱሚን የተባለ የሊቲየም ማዕድን ክሪስታል ከ12 ሜትር በላይ ይረዝም ነበር። ቀንጢቻም ስፖዱሚን፣ ቤሪል፣ ሐምራዊ ሌፒዶላይትና ኳርትዝ አለው። ሆኖም ታንታለም የሚገኘው ዓለቱ ተፈጭቶ፣ ከባዱ ከቀላሉ ተለይቶ በመሆኑ፣ የማምረቱ ሥራ ራሱ ናሙናውን ያጠፋል፤ ይህ በአገሪቱ የማዕድን ታሪክ ውስጥ በቂ ትኩረት ያላገኘ እውነተኛ ጉዳት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ገደማ በዓለም ገበያ የታወቀው የሻኪሶ ኤመራልድም የዚሁ ፔግማታይት ልጅ ነው። ኤመራልድ በክሮሚየም አረንጓዴ የሆነ ቤሪል ሲሆን፣ ለመፈጠሩ የግድ የሆኑት ቤሪሊየምና ክሮሚየም በተፈጥሮ እምብዛም አይገናኙም፤ የመጀመሪያው ከፔግማታይቱ፣ ሁለተኛው ደግሞ ብረትና ማግኒዥየም ከበዛበት ጥንታዊ ዓለት ይመጣል። ሁለቱ በሚዋሰኑበት ስፍራ ጥቁር የሚካ ድንጋይ ይፈጠርና ባለ ስድስት ጎን አረንጓዴ ምሰሶዎች በውስጡ ተቀብረው ይገኛሉ። ለጌጥ ሠራተኛ ሚካው ተፈልፍሎ የሚጣል ግርድ ነው፤ ለሰብሳቢ ግን ሁለቱ ዓለቶች መገናኘታቸውን የሚመሰክረው እሱ ስለሆነ አብሮ መጠበቅ ይገባዋል።

በወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘው ኦፓል በጥብቅ ትርጉሙ ክሪስታል አይደለም፤ ቀለሙ የሚመነጨው በሥርዓት ከተደረደሩ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች ነው። ውሃ የመምጠጥ ጠባይ ስላለው ሲረጥብ የቀለም ጨዋታው ሊደበዝዝ ይችላል።

ከታሪካዊ የማዕድን ማውጫዎች አንዱ ዳሎል ነው፤ ጣሊያኖች ፖታሹን ለማጓጓዝ ከመርሳ ፋጥማ ወደብ የዘረጉት የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1918 ተጠናቀቀ። ከዚያ የሚመጣው ካርናላይት የተባለ ጨው ከአየር እርጥበት ስቦ ራሱን ስለሚያቀልጥ፣ እንደ አዲስ አበባው ኮልፌ ቀራንዮ ክረምቱ በሚበረታበት ደጋ ሰፈር ክዳኑ በጠበቀ ዕቃ፣ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር ካልተቀመጠ በሐምሌ ወደ ጨዋማ ውሃ ይለወጣል።

ናሙና ማንሳት ግን በሕግ የተገደበ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ጀማሪ ዓይኑን ለማሠልጠን ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ከኮልፌ በስተምዕራብ የሚታየው የወጨጫ ተራራ የእሳተ ገሞራ ቅሪት ሲሆን፣ ትራካይት በሚባለው ዓለቱ ላይ ሳኒዲን የተባሉ የፌልድስፓር ክሪስታሎች አዲስ በተሰበረ ገጽ ላይ ፀሐይ ስታርፍባቸው እንደ ትንሽ መስተዋት ያብረቀርቃሉ።