ከዝባድ ቀንድ እስከ መዓዛማ ሻማ፦ ነጋዴ አባቶቻችን የተሸከሙት ሽታ

አንድ ምድጃ፣ ሁለት ድስት፣ ጥቂት ሰም፣ ክርና ሽቶ። መዓዛ ያለው ሻማ ቤት ውስጥ ሠርቶ ለመሸጥ የሚያስፈልገው ዋናው ነገር ይኸው ነው። ሱቅ መከራየት ስለማይጠይቅ በወላይታ ሶዶም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ሥራ ለሚፈልግ ወጣት የሚመች ነው። ብዙዎቻችን ነገሩን ከቲክቶክ የመጣ አዲስ ፈጠራ አድርገን እናየዋለን። ሰምና ሽቶ ግን ከደቡቡ የአገራችን ክፍል ወደ ዓለም ገበያ መውጣት ከጀመሩ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ይዘውት የሚጓዙትም በአመዛኙ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። ዛሬ የምናነሳው ይህን ታሪክ ነው። የሚያኮራ ክፍል አለው፤ የሚያሳፍርም ክፍል አለው። ሁለቱንም እንናገራለን።

ከቃሉ እንጀምር

«ሻማ» የሚለው ቃል ከዐረብኛው «ሸምዓ» የመጣ ነው። «ሰም» ደግሞ በአማርኛ ቅኔ ውስጥ ሳይቀር ቦታ አለው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። «ሰምና ወርቅ» የምንለው አነጋገር የተወሰደው ከዚህ ሥራ ነው። ጧፉም፣ የአንጥረኛው ቅርጽም፣ ወደ ባሕር ማዶ የሚሄደው ጭነትም ምንጫቸው አንድ ነበር፤ የንብ ሰም።

ዝባድ ምንድን ነው?

ከሰሙ ጎን ለጎን የሚጫን ሌላ ውድ ዕቃ ነበር፤ ዝባድ። ዝባድ የሚገኘው ጥርኝ ከሚባለው የዱር እንስሳ ነው። በከፋ፣ በጅማ፣ በሊሙና በአካባቢው ገበሬዎች ወንድ ጥርኝ በወጥመድ ይይዙና በእንጨት በተሠራ ጠባብ ጎጆ ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ እሳት በሚነድበት ሞቃት ቤት ያስቀምጡታል። ሥጋና ገንፎ ያበሉታል። በየአሥር ቀኑ አካባቢ በጭራው ሥር ካለው ዕጢ የሚወጣውን ቅባት በማንኪያ ይጠርጉና በከብት ቀንድ ውስጥ ያጠራቅሙታል። ይህን ሥራ ይዘው የቆዩት በብዛት ሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው።

ትኩስ ዝባድ ሲሸት አፍንጫ ያስይዛል። በጥቂቱ ሲቀላቀል ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ዋናው ጥቅሙ ሌላውን ሽታ ይዞ ማቆየቱ ነው። የአበባ ዘይት ቶሎ ይተናል፤ ዝባድ የገባበት ሽቶ ግን ለረጅም ሰዓት አይጠፋም። የዐረብም ሆነ የአውሮፓ ሽቶ ቀማሚዎች ከአንድ ቀንድ ዝባድ ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉት ለዚህ ነበር።

የሳቃ ገበያና የነጋዴው መንገድ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የዚህ ንግድ ትልቁ መገናኛ በጊቤ አካባቢ የነበረው የሊሙ እናርያ ገበያ ሳቃ ነበር። የሊሙው ንጉሥ አባ ባጊቦ (እ.ኤ.አ. 1825–1861) ሙስሊም ነበር፤ ለነጋዴ የተመቸ አገር በመምራትም ይታወቃል። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 ወደዚያ የደረሰው የነጋዴዎችን መንገድ ተከትሎ ነው። ከሰሜን የሚመጡት የጀበርቲ ነጋዴዎችና አፍቃላ የሚባሉት የኦሮሞ ሙስሊም ነጋዴዎች እዚህ ይገናኙ ነበር። አፍቃሎቹ ወደ ከፋ፣ ወደ ዳውሮና ከኦሞ ወንዝ ወዲህ ወዳለው ወላይታም ይዘልቁ ነበር።

ከሳቃ የተነሳ ጭነት ዓባይን ተሻግሮ በጎጃሙ የባሶ ገበያ ያልፋል፤ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ ምጽዋ። ክረምት ላይ ዓባይ ሲሞላ ነጋዴው ከወንዙ ማዶ መክረም ግዴታው ነው። ሌላው መንገድ በሸዋ በኩል በአልዩ አምባ ገበያ አልፎ ወደ ሐረርና ወደ ዘይላ ይወርዳል። ስለ ዘይላ ካነሳን አይቀር፣ ኢብን ባጡጣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን ባየ ጊዜ በዓሣውና በየመንገዱ በሚታረደው ግመል የተነሳ ግማቷ ስላስቸገረው ሌሊቱን መርከብ ላይ ማደርን መርጧል። የዓለምን ሽቶ የሚያሳምር ዕቃ የሚወጣበት ወደብ እንዲህ ነበር!

ንግዱ በሙስሊሞች እጅ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰሜኑ ክርስቲያናዊ መንግሥት ርስትና ሹመት ለሙስሊሙ በአብዛኛው ዝግ ነበር። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ የጎንደር ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወስኗል። መኳንንቱ ደግሞ ንግድን ይንቁት ነበር። ክፍት የቀረው በር ገበያው ነው። ከወደቡ ነጋዴ ጋር በሃይማኖትና በቋንቋ መግባባቱም ለሙስሊሙ አቅም ሆነው። በጊቤ መንግሥታት እስልምና ሲስፋፋ የነጋዴዎቹና አብረዋቸው የሚጓዙት ዑለማዎች ድርሻ ትልቅ ነበር።

የማንሸፍነው ገጽ

ወንድሞችና እህቶች፣ ታሪክን የምናነበው ለመመካት ብቻ ከሆነ ባናነበው ይሻላል። ዝባድና ሰም የጫነው ያው ጉዞ ሰውም ይነዳ ነበር። ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከወላይታና ከሌሎችም የደቡብ አገሮች የተያዙ ልጆች በዚያው መንገድ በእግራቸው እየሄዱ በሳቃና በባሶ ተሸጠዋል። የሸጡትና ያተረፉት ንጉሦች፣ አለቆችና ነጋዴዎች ነበሩ፤ ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም። ባሪያ ነጻ ማውጣትን ታላቅ ምንዳ ያለው ሥራ አድርጎ የሚያስተምር ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች በዚህ ገበያ መክበራቸውን ማስተባበል አንችልም።

እ.ኤ.አ. በ1894 የምኒልክ ጦር ካዎ ጦናን ወግቶ ወላይታን ሲይዝ አብሮ የነበረው ፈረንሳዊ ነጋዴ ቫንደርሄይም ያየውን እልቂትና ምርኮ ጽፎ ትቶልናል። ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። በዳሞታ ተራራ ሥር ባለችው ሶዶ የሚኖር ሙስሊም ወጣት፣ ጎረቤቱ ስለ ነጋዴ ሲያወራ ፊቱ ለምን እንደሚለወጥ ለመረዳት ይህን ማወቅ አለበት። ጉርብትና የሚጸናው የሌላውንም ቁስል ስናውቅ ነው።

ቀንዱ ዋጋ ያጣበት ጊዜ

የዝባድ ንግድ የተጎዳው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከውስጥ የመጣ ነው፤ ማጭበርበር። ክብደት እንዲጨምር ቅቤ ወይም ሌላ ስብ ከዝባዱ ጋር ይቀላቀል ነበር። ገዢውም ቀንዱን ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ጀመረ፤ የታማኙም ሰው ዕቃ በርካሽ ሄደ። አማና አንዴ ከጠፋ የሚከስረው አጭበርባሪው ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ከውጭ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1926 ኬሚስቱ ሊዮፖልድ ሩዚችካ ለዝባድ ሽታውን የሚሰጠው ንጥረ ነገር እንዴት እንደተዋቀረ አወቀ፤ በ1939 ለተሸለመው የኖቤል ሽልማት መሠረት ከሆኑት ሥራዎች አንዱም ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ሽታውን በፋብሪካ መሥራት ተቻለ። በ1990ዎቹ ደግሞ የእንስሳት መብት ተከራካሪዎች ጥርኞቹ በጠባብ ጎጆ የሚደርስባቸውን ስቃይ ለዓለም አሳዩ፤ ክሱም መሠረት ነበረው። የታወቁት የሽቶ ቤቶች ወደ ሰው ሠራሹ ዞሩ፤ ሻኔል እ.ኤ.አ. በ1998 መተዉን ገልጿል።

እስቲ ልብ እንበል። በዚያ ሁሉ ዘመን ከእኛ የሚወጣው ቀንዱ ነበር። ቅመማው፣ ጠርሙሱ፣ ስሙና ትርፉ የሌላ ነበር። ገዢው ምትክ ባገኘ ቀን ጥርኝ አርቢው እጁ ላይ የቀረለት ሙያ አልነበረም።

ሰሙ ግን ዛሬም አለ

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ በንብ ሰምም ከዓለም ትላልቅ አምራቾች አንዷ ናት። ማሩ በአብዛኛው ለጠጅ ስለሚውል ከጠጅ ቤቶች የሚቀረው ሰፈፍ ተሰብስቦ፣ ተጣርቶ ይሸጣል። ከባህላዊ ቀፎ በሚቆረጠው ማር ውስጥ ከ8 እስከ 10 በመቶው ሰም ነው፤ 10 ኪሎ ማር 1 ኪሎ ያህል ሰም ይሰጣል ማለት ነው። በእኛ ቤት ለብርዝ የምናሸው እንጀራ ማርም ያው ሰም አለው። በየገጠሩ ግን ብዙው ሰም ማሩ ከተበላ በኋላ ይጣላል። በሌላ በኩል ሱቅ ውስጥ የምናገኘው ሻማ በአብዛኛው ከነዳጅ የሚወጣው ፓራፊን ነው፤ እርሱም በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው።

ስለዚህ በሶዶ፣ በቦዲቲ ወይም በአረካ ሻማ ለመሥራት የሚያስብ ሰው እነዚህን ቢይዝ ይጠቅመዋል፦

– የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ውሃ በያዘ ድስት ላይ ሌላ ዕቃ ተቀምጦ ይቀልጣል። ሰም እሳት ቢይዝ ውሃ መድፋት እሳቱን ይበትነዋል፤ በክዳን አፍኖ ማጥፋት ነው።

– ሰፈፍ በውሃ ተፈልቶ በጨርቅ ይጠለላል። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል፤ ከሥሩ የተጣበቀው ቆሻሻ ይፋቃል።

– ጠጅ ሳር፣ ጦስኝና አደስ ከደጃችን ያሉ መዓዛዎች ናቸው። ሻማ ውስጥ የሚገባው ግን ዘይታቸው ነው፤ ደረቅ ቅጠል ከተጨመረ ራሱ እሳት ይይዛል።

– ፓራፊን ወይም ሞራ የተቀላቀለበትን ሻማ «ንጹሕ የማር ሰም» ብሎ መሸጥ ቅቤ የገባበትን የዝባድ ቀንድ መድገም ነው። የተቀላቀለውን በግልጽ ጽፎ መሸጥ ነውር የለውም።

በመጨረሻ አንድ አደራ አለን። በወላይታና በአካባቢው የማር፣ የሰምና የቅመም ንግድ የሠሩ አዛውንቶች አሁንም በመካከላችን አሉ። ሰሙን ከየት ይገዙ ነበር? በምን ይመዝኑ ነበር? ለማን ይሸጡ ነበር? ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ጠይቁ፤ የነገሯችሁን ጻፉት። ዳባዲና ቫንደርሄይም የጻፉትን ብቻ እያነበብን የራሳችንን ሰዎች ትውስታ ወደ መቃብር መሸኘት የለብንም።