ቤትን ለብርድ ስለ ማሰናዳት፤ ከሣር ክዳን እስከ ቆርቆሮ



ሰኔ ሲገባ በሰፈራችን ቀድሞ የሚሰማው የመዶሻ ድምፅ ነው። አንዱ የላላ ቆርቆሮ ይመታል፣ ሌላው አሸንዳ ይጠርጋል፣ ሴቶቹም ሽሮና በርበሬ አስፈጭተው ለማድረስ ይጣደፋሉ። ይህ መሰናዶ እንዴት እንደመጣ፣ ቤታችንም ከአያቶቻችን ቤት በምን እንደተለየ ባጭሩ ለመጻፍ አስበናል። የተነሣነው ለታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። በብርድ ወራት በማለዳ ጥሩምባ ከሚያስነፋው ሞት አንዱ የከሰል ጭስ ስለሆነ፣ ነገሩ እድርን በቀጥታ ይነካል።

አዲስ አበባ ራሷ ከብርድ ሽሽት ተወለደች ቢባል ብዙም ሐሰት አይሆንም። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የሰፈሩት እንጦጦ ላይ ነበር። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠላትን ከሩቅ ለማየት ይመቻል፤ ዳሩ ግን ነፋሱ አያስቀምጥም፣ ውሃና እንጨትም ቸገረ። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው ሙቀቱን ስለወደዱት በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ከታች ተቆረቆረች፣ ስሟንም አዲስ አበባ አሏት።

ከወረዱ በኋላም ቢሆን ማገዶ አልበቃም። በዙሪያው የነበረው የሐበሻ ጽድና ወይራ ለቤት ሥራና ለምድጃ አለቀ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ ተጀምሮ የነበረው በዚሁ በእንጨት ችግር ነው። ከተማዋን ካለችበት ያስቀራት ባሕር ዛፍ ሆነ። በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ የመጣው ይህ የአውስትራልያ ዛፍ በጥቂት ዓመት ይደርሳል፤ ቢቆርጡትም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። መሬት ያደርቃል እያሉ የሚያሙት አሉ፤ ሐሜቱ እውነትነት አለው። ሆኖም የብዙዎቻችን ቤት ግድግዳው ባሕር ዛፍ፣ ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ የእንጀራ ምጣዳችንንም ለብዙ ዘመን ያሰማው ቅጠሉ ስለሆነ እኛ አናማውም።

የጥንቱ ቤት ሣር ክዳን ነበር። ምሰሶው መካከል ይቆማል፣ ግድግዳው ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ይመረጋል፣ መስኮት እምብዛም የለውም። ምድጃው ውስጥ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ጭስ የት ይሄድ ነበር ቢባል፣ በሣሩ መካከል እየሰረገ ይወጣ ነበር። ጭሱ ክዳኑን በጥቀርሻ ያጠቁረዋል፣ ተባይም እንዳይበላው ይጠብቀዋል። የክረምት መሰናዶውም ቀላል ነበር፤ በበጋ ሣር አጭዶ ያረጀውን መተካት፣ የተሰነጠቀውን መምረግ፣ ዙሪያውን ቦይ መቆፈር፣ ኩበትና እንጨት ከዝናብ በፊት ማስገባት። ያ ቤት ገነት ነበር አንልም። ዓይን ያጠፋል፣ ሳል ያመጣል፣ እሳት ከተነሣበትም አይተርፍም። ብቻ ይተነፍሳል።

ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ቆርቆሮ እንደልብ መምጣት ጀመረ። ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፣ በየጊዜው ካልተካችሁኝ አይልም። ነገር ግን ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ወደ ንጋትም ላቡ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ሰው ከሥሩ ኮርኒስ መወጠር ጀመረ፤ ያለው በአቡጀዲ፣ የሌለው በማዳበሪያ ከረጢት። ግድግዳውም በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ይለጠፍበት ነበር። እኛ ልጆች ሳለን ፊደል ያጠናነው በከፊል ከዚያ ግድግዳ ነው፤ በኋላ በጽሕፈት ሥራ እንጀራ ለመብላት ሳይረዳን አልቀረም።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፣ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆነውን ቀበሌዎች ተረከቡ። ኪራይ ስለቀነሰ ደኻው ተደስቷል፣ ይህን መካድ አይገባም። ጣራውን ማን ያድሰው የሚለው ግን መልስ አጣ። ተከራዩ ቀበሌ ያድሰው ይላል፣ ቀበሌው ገንዘብ የለኝም ይላል፣ ዝናቡ ማንንም አይጠብቅም። ከላይ ያልተጠገነውን ከውስጥ በላስቲክና በጨርቅ መድፈን ልማድ ሆነ። ቤቱ እያረጀ ሲሄድ ቀዳዳው እየተደፈነ ሄደ ማለት ነው።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሣር ክዳን ጭሱን ያስወጣ ነበር፤ የተደፈነው ቆርቆሮ ቤት አያስወጣም። እኛ ደግሞ የአያቶቻችንን እሳት ወደዚህ ቤት ይዘን ገባን፤ ያውም እንጨቱን ትተን ከሰሉን። ክረምቱ እርጥብ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ከክረምትም ይልቅ ይበርዳል፣ ሜዳው ላይ ውርጭ ያድራል። በሁለቱም ጊዜ ማንደጃው ወደ መኝታ ቤት ይገባል።

ብዙ ሰው ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ፣ «አሁን ወጥቶለታል» ብሎ ያስገባዋል። አልወጣለትም! የሚታየው ጭስ ቢያልቅም ፍሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ይሰጣል። ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም። ደም በኦክሲጅን ፈንታ እሱን ይሸከማል፤ ከኦክሲጅንም ይልቅ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል። የተኛ ሰው ይህንን ሳያውቅ ያልፋል። የቤቱ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሴን አለኝ፣ ደጅ ሲወጣም ተሻለኝ ካለ፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት።

መስኮት በጣት ያህል ገርበብ ማድረግ አይበቃም። ማንደጃው ከመተኛት በፊት ይውጣ፤ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ካለችማ ቢቀር ይሻላል። ሰው ወድቆ ከተገኘ በሩን ከፍቶ ቶሎ ወደ ደጅ ማውጣት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ወተት እናጠጣው የሚሉ አሉ፤ ወተት ይህን ጋዝ ከደም አያወጣም፣ ራሱን የሳተንም ሰው ያንቀዋል።

ለብርዱስ ምን ይደረግ? ከቤት ውስጥ ከመድፈን በፊት ከላይ መጠገን ይቅደም። የቆርቆሮ ምስማር ጎማው ሲያልቅ ውሃ የሚያስገባው በዚያ ስለሆነ ጎማውን መቀየር፣ የዛገውን ቀዳዳ በሬንጅ መያዝ፣ አሸንዳውን መጥረግ፣ ቦዩን መክፈት ነው። ውሃ የጠጣ ጭቃ ቤት እሳት ቢነድበትም አይሞቅም፤ የደረቀ ግድግዳ ግን ያለ እሳትም ይሻላል። የበሩን ሥር በጨርቅ ዝጉ፣ ከጣራው ሥር ያለውን የአየር ቀዳዳ ግን ተዉት። ለአልጋ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ በሚገባ ከድኖ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር ሥር ማድረግ ይበቃል።

ጣራ ላይ የሚወጣ ልጅ የሌላቸው እናቶችና አባቶች በእድራችን ብዙ ናቸው። ጎረቤት የሆናችሁ ወጣቶች የራሳችሁን ስትጠግኑ የእነሱንም እግረ መንገዳችሁን እዩላቸው። የእድሩ መሰላል ከድንኳኑ ጋር በዕቃ ቤት ይገኛል፤ ከሰኔ 12 ሚካኤል በፊት ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነግሮ፣ ፈርሞ መውሰድ ይቻላል።