532፦ የአድዋ እሑድ ተመልሶ የሚመጣበት ቁጥር



አድዋ ላይ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ነው። ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ፣ አበቅቴው 15፣ ወቅቱም ዐቢይ ጾም ነበር። ፋሲካ መጋቢት 28 ዋለ። ፋሲካ መጋቢት 28 ላይ በሌላም ዓመት ይውላል። ዕለቱም፣ ወንጌላዊውም፣ አበቅቴውም ሦስቱም አንድ ላይ የሚገጥሙት ግን በ2420 ዓ.ም. ነው። ልዩነቱ 532 ዓመት።

ለምን 532? ሦስት መንኮራኩር አስቡ። ወንጌላውያን በ4 ዓመት ይዞራሉ፣ ዕለታት 7 ናቸው፣ የጨረቃ ስሌት በ19 ዓመት ይመለሳል። 4፣ 7 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ትንሹ የጋራ ብዜታቸው 4×7×19 = 532 ነው። የባሕረ ሐሳብ መምህራን 19ን ንዑስ ቀመር፣ 76ን ማዕከላዊ ቀመር፣ 532ን ዐቢይ ቀመር ይሉታል።

ወደ ቀን ስንለውጠው 194,313 ቀን ይሆናል። ይሄ ቁጥር ሲበተን 3×7×19×487 ነው። 7 ውስጡ ስላለች 27,759 ሙሉ ሳምንት ይወጣዋል፣ ቀሪ የለውም። እሑዱ እሑድ ሆኖ የሚመለሰው በዚህ ነው።

አንዳንዱ ሰው ቁጥሩን ድብቅ ምስጢር ያደርገዋል። ምስጢር የለውም፣ ሒሳብ ነው። የኛ ብቻም አይደለም፤ መነሻው እስክንድርያ ነው። ትውፊቱ ለ12ኛው ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ደግሞ የ532ቱን ሰንጠረዥ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበረው መነኩሴ ከአንያኖስ ጋር ያያይዙታል። ፍጹምም አይደለም፤ በ532 ዓመት ውስጥ እውነተኛዋ ጨረቃ ከስሌቱ ወደ ሁለት ቀን ገደማ ትርቃለች።

ታዲያ የኛ ድርሻ ምንድነው? መጠበቅ! የሒሳብ ታሪክ ሊቁ ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የጥንቱ የእስክንድርያ ስሌት በግእዝ ብራናዎች ተጠብቆ መቆየቱን አሳይቷል።

የሚቆጨኝ ይሄ ነው። እኛ ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለን ሰዎች፣ ዲማንና ደብረ ወርቅን አጠገባችን ይዘን፣ የቆሎ ተማሪ ሳናይ አላደግንም። እሱ በቃሉ በ19 እና በ30 እየገደፈ ቀሪውን ይይዛል። የኔ ተማሪ ደግሞ ክፍል ውስጥ "ቲቸር፣ ት.ጋ.ብ. ምን ይሠራል?" ይለኛል። ሁለቱ አንድ ሰፈር እየኖሩ፣ አንድ ዓይነት ሒሳብ እየሠሩ አይተዋወቁም። "ሒሳብ የፈረንጅ ነው" የሚለው ወሬ የሚያድገው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

በሉ የቤት ሥራ፦ የተወለዳችሁበትን ዓመተ ምሕረት 5500 ላይ ደምሩ፤ ለ19 አካፍሉ፤ ከቀሪው 1 ቀንሱ (ቀሪው 0 ከሆነ 18 በሉ)። ያ ወንበራችሁ ነው። በ11 አባዙትና ለ30 ግደፉት፣ የሚቀረው አበቅቴያችሁ ነው። ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ አርማለሁ። ካልኩሌተር ክልክል ነው 😄