ንብና ተርብ በኢይዝራኤል ሸለቆ

በቤት ጣሪያ፣ በግድግዳ ስንጥቅ ወይም በጓሮ ጎጆ የሠሩ ተናዳፊ ነፍሳት ምን ይደረጉ የሚለው ጥያቄ፣ በእስራኤል እንዳለችው እንደ አፉላ በእርሻ ሸለቆ መካከል በተቆረቆረ ከተማ፣ ሁለት የማይመሳሰሉ ታሪኮች አሉት፤ አንዱ ማርና ሰም የምትሰጠው የንብ ታሪክ ሲሆን፣ ሌላው ንቧን ራሷን እያደነ የሚበላው፣ ቀይ ቡናማ ሰውነትና በሆዱ ላይ ቢጫ መቀነት ያለው፣ ሊቃውንት የምሥራቅ ተርብ የሚሉት ነፍሳት ታሪክ ነው።

የንቧ ታሪክ እጅግ ጥንታዊ ነው። ከአፉላ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በቤት ሸአን አጠገብ ቴል ረሖብ በሚባለው የፍርስራሽ ኮረብታ ላይ፣ በአሚሐይ ማዛር የተመራው የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የቁፋሮ ቡድን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ10ኛው እስከ 9ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን የነበረ የንብ ማነቢያ ማግኘቱን እ.ኤ.አ. በ2007 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ይፋ አደረገ። በረድፍ የተደረደሩት 30 ያህል ቀፎዎች ከጭቃና ከገለባ ተሠርተው ሳይተኮሱ የደረቁ፣ በአንድ ጫፋቸው ንብ የምትገባበት ጠባብ ቀዳዳ፣ በሌላው ማር የሚቆረጥበት ክዳን ያላቸው ድብልብል ቱቦዎች ነበሩ። የሚያስደንቀው ግን ማነቢያው ከከተማው ውጭ ሳይሆን ቤቶች በተጠጋጉበት መካከል መሆኑ ነው። በቀፎዎቹ የተገኙት የንብ ቅሪቶች ሲመረመሩ በዛሬዋ ቱርክ ከሚገኘው ዝርያ ጋር ስለ ተመሳሰሉ፣ ተመራማሪዎች በአገሬው ቁጡ ንብ ፈንታ ገራሙ ዝርያ ከሩቅ ሳይመጣ እንዳልቀረ ገምተዋል፤ ይህ ከሆነ ነዋሪዎቹ ንድፊያን የተከላከሉት ጎጆውን በማጥፋት ሳይሆን ዝርያውን በመምረጥ ነበር።

ተርቡ እንዲህ ያለ ምሕረት አላገኘም። ታልሙድ፣ ማለትም የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ ክርክርና ትርጓሜ የተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ በሰንበት ቀን እንኳ እንዲገደሉ ከተፈቀዱት አምስት አደገኛ ፍጥረታት መካከል የነነዌን ተርብ ከሐድያብ ጊንጥና ከእብድ ውሻ ጋር ይቆጥረዋል።

አፉላ፣ በ1905 ከሐይፋ ወደ ደርዓ የተዘረጋው የባቡር መስመር ጣቢያ ከነበረችው መንደር አጠገብ፣ በ1925 በሪቻርድ ካውፍማን ፕላን የተመሠረተች ከተማ ናት። የኮንክሪት ቤቶች ሲበዙ ከመስኮት በላይ ያለው፣ ትሪስ የሚባለው ተጠቅላይ መዝጊያ የሚጠቀለልበት ባዶ ሣጥን፣ ለንብ መንጋ የተመቸ ማደሪያ ሆነ። ፖል ሙለር ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል በ1939 ካወቀና በ1948 የኖቤል ሽልማት ከተቀበለበት ጊዜ ወዲህ ግን መርዝ የብዙ ቤቶች የመጀመሪያ መልስ ሆነ፤ መርዙም ንብና ተርብን አይለይም።

በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ከገቡትና ከፊሎቹ በአፉላ ከሰፈሩት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ ያደጉት የንብ መንጋ መምጣት እንደ ሲሳይ በሚታይበት አገር ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ገበሬው በእበት የተለቀለቀ ቀፎ አጥኖ ዛፍ ላይ የሚሰቅለው መንጋ እንዲገባለት ነው፤ ማር ሲቆርጥም የኩበት ጢስ ንቦቹን ያበርድለታል። በላሊበላ አካባቢ በምትገኘው በብልባላ ጊዮርጊስ ንቦች በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ውስጥ ይኖራሉ፤ ማራቸውም ለሕሙማን ፈውስ ተብሎ ይሰጣል። ይህን ልማድ ለሚያውቅ ሰው በትሪስ ሣጥን ውስጥ የሰፈረች ንብ ወደ ቀፎ የምትዛወር እንጂ የምትመረዝ አይደለችም፤ ዛሬ በእስራኤል መንጋ እያነሡ ወደ ቀፎ የሚያስገቡ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩትም ይህንኑ ነው።

የተርብን ጎጆ በተመለከተ ከመርዝ የሚቀድመው ወቅትን ማወቅ ነው። አርስቶትል ከ2300 ዓመታት በፊት እንደ ጻፈው፣ ከተርቦች የብርዱን ወራት የሚያልፉት እናቶቹ ብቻ ናቸው። በፀደይ ንግሥቲቱ በመሬት ጉድጓድ ወይም በግድግዳ ክፍተት ብቻዋን ጎጆ ትጀምራለች፤ መንጋው በበጋ መጨረሻና በመጸው እጅግ በዝቶ ጎጆውን በቁጣ ይጠብቃል፤ ብርዱ ሲገባ ሠራተኞቹ ሁሉ ይሞታሉ። ንብ አናቢዎች በፀደይ ንግሥቶችን የሚያጠምዱት ስለዚህ ነው፤ በዚያን ጊዜ አንዲት ተርብ መግደል አንድ ሙሉ ጎጆ ከመጀመሪያው ማስቀረት ነውና። በመስከረም ጎጆው በሕፃናት መተላለፊያ ወይም ንድፊያ ሕይወቱን ሊያሳጣው በሚችል ሰው ቤት ከተገኘ መጠበቅ አይቻልም፤ ሥራው በ2016 የወጣው ሕግ ከአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ፈቃድ እንዲኖረው የሚያስገድደው የተባይ ማጥፋት ባለሙያ ነው። ከመተላለፊያ የራቀ ጎጆ ግን እስከ ብርዱ ወራት ሊታገሡት ይቻላል፤ የሚቀረው ንግሥቶቹ በፀደይ ከመውጣታቸው በፊት ክፍተቱን በስሚንቶ መድፈን ነው።